ፎቶ ማንሳት መጀመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፎቶ ማንሳት እንደሚፈልጉ የሚነግሩኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚጀምሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ለምን እንዳልጀመሩ ስጠይቅ የምሰማው መልስ ተመሳሳይ ነው። ካሜራ የለኝም፣ አልተማርኩም፣ ሰፈሬ ውስጥ የሚነሳ ነገር የለም። ይሄ ይቆጨኛል። ፎቶ ማንሳት በትንሽ ወጪ ብዙ ደስታ ከሚሰጡ ነገሮች አንዱ ነው፤ ሰው የሚቀርበት ደግሞ እውነት ባልሆነ ምክንያት ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ልያቸው።

«መጀመሪያ ደህና ካሜራ ልግዛ»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስቀረው ይሄኛው ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ይጠበቃል። ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ሞልቷል። ዓመቱ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ የሚያነሳው የባንክ ደረሰኝ ብቻ ነው።

ጀማሪ መጀመሪያ መማር ያለበት ሦስት ነገር ነው። ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ፍሬሙ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር? መቼ ልጫን? ሦስቱንም ስልክ ያስተምራል። ስልኩ ርካሽ ቢሆንም ያስተምራል።

ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። የስልኩን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ ብዥ ያለ ፎቶ ብዙ ጊዜ የጣት ቅባት ውጤት ነው። ካሜራው ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑን የሚከፋፍሉትን መስመሮች (ግሪድ) አብሩ፤ አድማሱና ግድግዳው እንዳይዘም ይረዷችኋል። በሁለት ጣት ዙም ማድረጉን ተዉ። በአብዛኛው ስልኩ ፎቶውን ቆርጦ ከማስፋት ሌላ የሚሠራው ነገር የለም። በእግር ጠጋ በሉ። ከዚያ የምታነሱት ሰው ፊት ላይ ነካ አድርጉና የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይና ወደ ታች ሳቧት። ብርሃን መቆጣጠር የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ካሜራ የምትገዙት ስልኩ አንድ የምትወዱትን ነገር እምቢ ሲላችሁ ነው። ሩቅ ያለ ወፍ፣ በምሽት የሚሮጥ ልጅ፣ የኳስ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ያኔም አዲስ ካሜራ ግድ አይደለም። ለምሳሌ አሜሪካዊው ጎርደን ፓርክስ የባቡር አስተናጋጅ ነበር። መጽሔት ላይ የስደተኛ ሠራተኞችን ፎቶ አይቶ ልቡ ተነካ። 25 ዓመት ገደማ ሲሆነው ሲያትል ውስጥ ካለ የወለድ አገድ ሱቅ ያገለገለ ካሜራ ገዛ። እ.ኤ.አ. በ1948 ላይፍ የተባለው ታላቅ መጽሔት የመጀመሪያው ጥቁር ቋሚ ፎቶ አንሺ ሆነ።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። ሌንሱን ወደ ብርሃን ይዛችሁ በውስጡ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነውና ተዉት። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) 16 ላይ አድርጋችሁ ሰማይ አንሱ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚወጣ ጥቁር ነጥብ ካለ ሴንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ቆሽሿል ማለት ነው። ሸተሩ (ለብርሃን ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ) ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቁ። የኒኮን ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታይ ካሜራዎች ምስሉን የሚያጠራ የራሳቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። ስለዚህ ከድሮዎቹ ርካሽ ሌንሶች ጋር ፎከሱን በእጅ መፈለግ ሊኖርባችሁ ነው። ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

«ሜጋፒክስሉ ስንት ነው?»

ስልክ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ ቁጥር ይሄ ነው፤ ፎቶው ስንት ሚሊዮን ነጥብ እንዳለው ይናገራል። አንድ ኤ4 ወረቀት በጥሩ ጥራት ለማተም ከ9 ሜጋፒክስል ያነሰ ይበቃል። 108 ሜጋፒክስል የሚል ስልክ ራሱ በተለመደው አሠራሩ ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አንድ እያደረገ የሚያስቀምጥላችሁ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ነው። ለጥራት የሴንሰሩ ስፋትና የሌንሱ ጥሩነት ይበልጣሉ። በዚህ ቁጥር ገንዘብ አትጨምሩ።

«ፀሐይ ደመቅ ሲል ፎቶ ያምራል»

ሰርግ ላይ ሁላችንም አይተናል። ሙሽሮቹ በቀትር ፀሐይ ይቆማሉ፣ ዓይናቸው ይጨፈናል፣ ቅንድባቸው ሥር ጥቁር ጥላ ይወርዳል። ብርሃን በዛ ማለት ጥሩ ብርሃን አለ ማለት አይደለም።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዓመት ሁለት ጊዜ የቀትር ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ በሌላውም ጊዜ ብዙ አትርቅም። ከላይ የሚወርድ ብርሃን የዓይንን ጎድጓዳ ያጨልማል፣ አፍንጫንና ግንባርን ያብለጨልጫል። ለፊት ፎቶ ከዚህ የባሰ ሰዓት የለም።

ጠዋት እስከ 2 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ11 ሰዓት ጀምሮ ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ ፊትን ያለሰልሳል፣ ግድግዳን ያሞቃል። ግን ፍጠኑ። እኛ አገር ፀሐይ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው። ያ ወርቃማ ብርሃን ሰሜን አውሮፓ በራሳቸው በጋ ረጅም ሰዓት ይቆያል፤ እኛ ጋ ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ቦታውን ቀድማችሁ መርጣችሁ ጠብቁ።

በቀትር ማንሳት ግድ ከሆነ ወደ ጥላ ግቡ። የበረንዳ ሥር፣ የበር ደፍ፣ የሕንፃ ጥላ ይሆናል። ሰውየው ፊቱን ወደ ክፍቱ ሰማይ ያዙር። የክረምት ደመናም ጠላት አይደለም። ሰማዩ በሙሉ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ይሆናል። እኔ ብጠየቅ ለሰው ፎቶ የሐምሌን ደመና ከጥር ቀትር አስበልጣለሁ።

«ጥቁር ፊት ፎቶ ላይ አይወጣም»

ይህን ስሰማ እናደዳለሁ። ልጆች ራሳቸውን «ፎቶ ላይ አላምርም» ብለው ደምድመው ያድጋሉ። ችግሩ ግን ፊታቸው ላይ የለም።

የቀለም ፊልም በነበረበት ዘመን የኮዳክ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት «ሸርሊ» በሚባል ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት። የእሷ ፊት ካማረ ሥራው አለቀ። ጠይምና ጥቁር ፊት ግምት ውስጥ ሳይገባ ብዙ ዓመት ተሠራ። ነገሩ እስከ ዲጂታሉ ዘመን ዘልቋል፤ ጉግል በፒክስል ስልኮቹ ላይ ለጥቁር ቆዳ የሚሆን ማስተካከያ አድርጌያለሁ ብሎ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ሌላው ምክንያት የካሜራው ልኬት ነው። ካሜራ ፊት ለፊቱ ያለውን ብርሃን አማካኝ አውጥቶ ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ይሞክራል። አሁን እናታችሁን በነጭ ነጠላ አስቧት። ነጩ ፍሬሙን ሞልቶታል። ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊቷ ይጠፋል። በዓል በመጣ ቁጥር የሚላኩልን ፎቶዎች ላይ ይህ ይታያል። ፊት የሚጠፋባቸው የጥምቀት ፎቶዎች አብዛኞቹ በዚህ የተበላሹ ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በስልክ ፊቷ ላይ ነካ አድርጉና ፀሐይዋን ትንሽ ወደ ላይ ሳቡ። በካሜራ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ መደመሩ አንድ ደረጃ ውሰዱ። ነጠላው ጥለቱ እስኪጠፋ ድረስ እንዳይነጣ ግን አስተውሉ።

ከዚያ ብርሃኑን ከጎን አድርጉ። ጥቁር ቆዳ ብርሃንን መልሶ የሚያንፀባርቅበት መንገድ በጣም ውብ ነው፤ ከመስኮት በኩል የሚመጣ ለስላሳ ብርሃን ጉንጭና ግንባር ላይ ሲያርፍ የፊቱ ቅርጽ ሁሉ ይወጣል። ፊት ለፊት የሚተኮስ ፍላሽ ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ፊት የሚያነጣውን የስልክ «ቢውቲ» ደግሞ አጥፉት። የሰው ፊት በራሱ ቀለም ይታይ።

«እዚህ ሰፈር ምን የሚነሳ አለ?»

ላሊበላ ብሄድ፣ ዳሎል ብሄድ፣ ሰሜን ተራሮች ብወጣ ይባላል። ሂዱ፣ ደስ ይላል። ግን ላሊበላን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንስተውታል። የእናንተን ግቢ ያነሳው ማነው?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ስትፈርስ ይህ ጥያቄ ድንገት ከባድ ሆነ። ቡና የጠጣንበት ቤት፣ የተደገፍነው የእንጨት በረንዳ፣ ያቋረጥነው ጠባብ መንገድ ሄደ። ስልካችን ውስጥ ያለው ግን የራሳችን ፊት ነው፤ በረንዳው ከትከሻችን ኋላ በቁራጭ ይታያል። ሚካኤል ፀጋዬ የሚባለው የአዲስ አበባ ፎቶ አንሺ ይህን ቀድሞ አይቶታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ተምሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ተመረቀ። የዘይት ቀለም አለርጂ ስለሆነበት ሥዕልን ትቶ ወደ ፎቶ ዞረ። ከሥራዎቹ አንዱ የሚፈርሱ የአዲስ አበባ ሰፈሮችን የያዘ ነው። ሩቅ አልሄደም።

አንድ ነገር ምረጡና ደጋግማችሁ ሂዱበት። የሰፈሩ ሱቅ ይሁን፣ የታክሲ ሰልፍ ይሁን፣ የጉልት ገበያ ይሁን። ቤት ውስጥ ከሆነ ቡና ሲፈላ አንሱ። ረከቦቱን በሩ ወይም መስኮቱ አጠገብ አድርጉት፤ ብርሃኑ ከጭሱ ኋላ ይምጣ፣ ከጀርባ ጨለም ያለ ግድግዳ ይኑር። ጭስ ፎቶ ላይ የሚታየው እንዲህ ሲሆን ነው። ብርሃኑ ከእናንተ ኋላ ከሆነ ጭሱ ጭራሽ አይታይም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ሪያድ አፓርታማ ውስጥ ያላችሁም ይሄው ይሠራላችኋል፤ አንድ መስኮት ይበቃል።

«ማኑዋል ላይ ካላነሳህ ፎቶ አንሺ አይደለህም»

ማኑዋል ማለት ሁሉንም በእጅ እየመረጡ ማንሳት ነው፤ ግድ ነው መባሉ ግን ትክክል አይደለም። ብዙ ባለሙያዎች አፐርቸሩን ራሳቸው መርጠው የሸተሩን ፍጥነት ለካሜራው ይተዋሉ። አውቶ ላይ ጀምሩ። አፐርቸር፣ ሸተርና አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ምን እንደሚሠሩ ቀስ እያላችሁ ትለያላችሁ። ቁልፍ ስታዞሩ ልጁ ሳቁን ጨርሶ ከሄደ ማኑዋሉ ምን ጠቀመ?

«ኤዲት ማድረግ ማጭበርበር ነው»

እዚህ ላይ መለየት ያስፈልጋል። ያልነበረ ነገር መጨመርና የነበረውን ማጥፋት አንድ ነገር ነው። ብርሃን፣ ንፅፅርና ቀለም ማስተካከል ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ፊልም በነበረበት ጊዜም የፎቶ ሥራ ግማሽ ነበር። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከአንዲት ትንሽ መንደር በላይ ጨረቃ ስትወጣ ያነሳት ፎቶ አለች። ያችኑ አንድ ኔጋቲቭ (የታጠበ ፊልም) በሕይወት ዘመኑ ከ1,300 ጊዜ በላይ አትሟታል። የኋለኞቹ ሕትመቶች ላይ ሰማዩ ከመጀመሪያዎቹ በጣም ይጨልማል። በየጊዜው እጁን እያስገባ ወደሚፈልገው አቅርቧታል።

ለጀማሪ ስናፕሲድ የሚባለው ነጻ መተግበሪያ ይበቃል። ቀጥ ማድረግ፣ መቁረጥ፣ ብርሃን ማስተካከል። መጀመሪያ በእነዚህ ሥሩ። ቀለሙን ገፋ ስታደርጉ ሰማዩ ሐምራዊ፣ የሰው ፊት ብርቱካን ከሆነ ግን አልፋችኋል፤ ተመለሱ።

«ታዲያ ለምን ሰርግ አትሠራበትም?»

ጥሩ ፎቶ ማንሳት የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ይጠየቃል። ሰርግ ከባድና የተከበረ ሥራ ነው፤ የሚወደው ይግባበት። ግን ገንዘብ ካላመጣ ዋጋ የለውም የሚለውን አልቀበልም። ቪቪያን ማየር በአብዛኛው ቺካጎ ውስጥ 40 ዓመት ገደማ በሞግዚትነት ሠርታለች። ልጆቹን ይዛ ስትወጣ ካሜራዋ አንገቷ ላይ ነው። ከ100,000 በላይ ኔጋቲቭ ትታለች። እ.ኤ.አ. በ2007 ያስቀመጠችው ዕቃ በጨረታ ተሸጠ፤ በ2009 አረፈች፤ ሰው በሰፊው ያወቃት ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ የመንገድ ላይ ፎቶ ሲነሳ ስሟ አይዘለልም። ያን ሁሉ ዓመት ያነሳችው ለማንም ደንበኛ አልነበረም።

«መንገድ ላይ ያለን ሰው ማንሳት ይቻላል፣ መጠየቅ አያስፈልግም»

ስልክ ደብቆ የጉልት ሻጭ እናት ማንሳት ድፍረት የሚመስላቸው አሉ። እኔ ነውር ነው እላለሁ። ቀርባችሁ፣ ስልኩን ዝቅ አድርጋችሁ፣ ሰላም በሉ። «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» በሏቸው። ብዙዎች ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀመጡላችኋል። ያ የመጀመሪያው ፎቶ ቆም ያለ ነው። ትንሽ ተጫወቱና ወደ ሥራቸው ሲመለሱ ሌላ አንሱ፤ ጥሩው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። እምቢ ካሉ «እሺ እማማ፣ ምንም አይደል» ብላችሁ እለፉ።

ሕጉንም እወቁ። አገር ቤት ቤተ መንግሥት፣ የጦር ካምፕ፣ ወታደርና ፖሊስ ያለበት ኬላ አታንሱ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጀመሪያ አገልጋዮቹን ጠይቁ። ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። እዚያ ሰውን ያለፈቃዱ ማንሳትና ማሰራጨት በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ያነሳችሁትን ለባለቤቱ ስጡ። እማማ ስልክ ከሌላቸው ፎቶ ቤት አሳትማችሁ ውሰዱላቸው። ወጣቶቹ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ላኪልኝ ይሏችኋል። እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩት፤ በተራው መንገድ ከላካችሁት ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል።