ዘ ዲቪዥን ቤል፦ የፒንክ ፍሎይድ አልበም

«ዘ ዲቪዥን ቤል» የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ፒንክ ፍሎይድ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1994 በብሪታንያ ያወጣው 14ኛው የስቱዲዮ አልበም ነው። 11 ሥራዎችን የያዘ ሲሆን ርዝመቱ 66 ደቂቃ ገደማ ነው። ስያሜው የብሪታንያ ፓርላማ አባላት ለድምፅ አሰጣጥ የሚጠሩበት ደወል ሲሆን፣ ከመዝጊያው ዘፈን ግጥም ውስጥ መርጦ ለባንዱ ያቀረበው ደራሲው ዳግላስ አዳምስ ነው።

ባንዱ በ1965 ለንደን ውስጥ ተመሥርቶ በ1970ዎቹ ዓለም አቀፍ ዝና ያገኘ ሲሆን፣ ዋነኛው የግጥም ደራሲው ሮጀር ዋተርስ በ1985 ተለይቶታል። በ1987 በወጣው አልበም ላይ በርካታ ተጋባዥ ሙዚቀኞች የተሳተፉ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኪቦርዲስቱ ሪቻርድ ራይት የተጫወተው በተቀጣሪነት ነበር።

የ1994ቱ አልበም ብስለት የመነጨው ከአሠራሩ ነው። በ1993 መጀመሪያ ጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር፣ ከበሮ መቺው ኒክ ሜሰንና ራይት በብሪታኒያ ሮው ስቱዲዮ ተገናኝተው፣ የተዘጋጀ ዜማ ሳይዙ፣ አንዱ የሌላውን እያዳመጠ ለቀናት ተጫወቱ። ከዚያ ጨዋታ የተገኙት በርካታ የሙዚቃ ሐሳቦች የተለዩት በነጥብ አሰጣጥ ሲሆን፣ ራይት ለራሱ ሐሳቦች ሙሉ ነጥብ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ዜሮ በመስጠቱ የምርጫው ሥርዓት መስተካከል ነበረበት። ለዓመታት ከባንዱ ሙሉ አባልነት ርቆ የቆየ ሙዚቀኛ ለዜማዎቹ እንዲህ መሟገቱ የሚያስከብረው ነው። ከ11ዱ ሥራዎች የ5ቱ ዜማ የእርሱ እጅ አለበት፤ በ«ዌሪንግ ዘ ኢንሳይድ አውት» ደግሞ ከ1973 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በባንዱ አልበም ላይ በመሪ ድምፃዊነት ዘፍኗል። የቀረጻው ሰፊ ክፍል የተከናወነው በቴምዝ ወንዝ ላይ በቆመችው የጊልሞር የጀልባ ስቱዲዮ በአስቶሪያ ነው።

የግጥሞቹ ዋና ጉዳይ በሰዎች መካከል የሚፈጠር ዝምታና አለመግባባት ነው። አብዛኞቹን ጊልሞር ከጸሐፊዋ ፖሊ ሳምሰን ጋር የጻፋቸው ሲሆን፣ በ«ኪፕ ቶኪንግ» የሳይንቲስቱ ስቲቨን ሆኪንግ ሰው ሠራሽ ድምፅ ይሰማል። አንዳንድ ግጥሞች ዋተርስን ይነካሉ የሚሉ አድማጮች አሉ፤ ጊልሞር ግን ይህን አልተቀበለም፣ ቃሉን ለመጠራጠርም በቂ ምክንያት የለም። ከሁሉ የሚልቀው በደወል ድምፅ የሚከፈተው የመዝጊያው ዘፈን «ሃይ ሆፕስ» ነው፤ የጊልሞርን የልጅነት ከተማ ካምብሪጅን የሚያስታውሰው ይህ ዘፈን ቃላቱ ካለቁ በኋላ ዜማውን ጭን ላይ ተጋድሞ ለሚመታው ላፕ ስቲል ጊታር ይተውለታል፣ ጊታሩም ያለ ችኮላ ረጅም ሐዘኑን ይዘረጋል። በሽፋኑ ላይ ያሉት ሁለት ግዙፍ የብረት ራሶችም ፎቶግራፍ የተነሱት ከካምብሪጅ በማይርቀው በኢሊ አቅራቢያ ነው።

አልበሙን በወቅቱ የነቀፉ ተቺዎች ቢኖሩም በብሪታንያና በአሜሪካ ሽያጭ አንደኛ ሆኗል፤ «ማሩንድ» የተሰኘው የመሣሪያ ቅንብርም የግራሚ ሽልማት አግኝቷል።

ራይት በ2008 ካረፈ በኋላ፣ ከ«ዘ ዲቪዥን ቤል» ቀረጻ የተረፉት ሙዚቃዎች ዳግም ተሠርተው በ2014 «ዚ ኤንድለስ ሪቨር» በሚል ርዕስ ወጥተዋል፤ ርዕሱ የተወሰደው ከ«ሃይ ሆፕስ» የመጨረሻ ስንኞች ነው።