7.62 ሁሉ አንድ ጥይት አይደለም

«የክላሹም 7.62፣ የጂ ስሪው (G3) ጠመንጃም 7.62፤ ለምን አይለዋወጡም?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። 7.62 የሚነግረን የአፈሙዙን የውስጥ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ጥይቱን የሚለየው ቀጥሎ ያለው ቁጥር፣ የቀለሁ (የባሩዱ መያዣ) ርዝመት ነው፦ የክላሽ 39፣ የጂ ስሪ 51፣ ድራጉኖፍ የሚባለው የአልሞ ተኳሽ ጠመንጃ 54። ሦስቱን ጎን ለጎን አቁሟቸው፤ የክላሹ አጭርና ወደ አፉ የሾለ ነው፣ የድራጉኖፉ ግርጌው ላይ ወጣ ያለ ከንፈር አለው። የማይመጥነውን በግድ ማስገባት ጠመንጃውንም ተኳሹንም ይጎዳል።

ረጅም ቀለህ ብዙ ባሩድ ይይዛል። የክላሽ አረር (ከአፈሙዙ ተወርውሮ የሚወጣው ክፍል) 8 ግራም ገደማ ሆኖ በሰከንድ 715 ሜትር አካባቢ ሲወጣ፣ የጂ ስሪው 9.5 ግራም ገደማ ሆኖ 800 አካባቢ ይወጣል። ለሩቅ ዒላማ ባለ 51ዱ የሚመረጠው ለዚህ ነው። ለተኩስ ውድድር ደግሞ 11.3 ግራም የሚመዝን ረዘም ያለ አረር ይሻላል፤ ሲነሳ ቀርፈፍ ቢልም ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ የደጋው ነፋስም ያን ያህል አይገፋውም።

እስከዚህ ያለው የትም አይለወጥም። እንደ ቦታው ከፍታ የሚለያየው ጥይቱ ዒላማው ላይ የሚያርፍበት ነጥብ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። እዚያ ማነጣጠሪያው የተስተካከለ ጠመንጃ ሸዋ ሮቢት ቆላ ወርዶ በሩቅ ሲተኮስበት ዝቅ አድርጎ ይመታል፤ እንደገና ማስተካከል ግድ ነው።