በስሜን ተራሮች ክረምቱ ጨርሶ ሳይወጣ የሚደረግ የእግር ጉዞ

በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የእግር ጉዞ የሚደራው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው። ከዚያ ቀድመው፣ ከጳጉሜን እስከ መስከረም ሦስተኛ ሳምንት ባለው ጊዜ የሚነሱ ተጓዦች ጥቂት ናቸው። መስመሩ ያው የተለመደው ነው፤ ከደባርቅ ተነስቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ የድንኳን ሰፈሮች አልፎ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ እስከ ራስ ደጀን ይዘልቃል።

ቀድሞ መነሳት ዋጋ አለው። ዝናቡ አቧራውን አጥቦ ስለሚወስደው ከእመት ጎጎ ጫፍ (3,926 ሜትር) ላይ በማለዳ የሚታየው የቆላው አገር በጥርት ያለ መልኩ ይዘረጋል። በበጋ የሚሳሳው የጅንባር ፏፏቴ ሞልቶ ይወርዳል፤ ሜዳው ሁሉ ለምለም ነው፤ የድንኳን ቦታዎቹም ባዶ ናቸው።

ስሜን በጽሑፍ የታወቀው ጥንት ነው። በጥንቱ የቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ ቆሞ የነበረውና ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገለበጠው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ያለበት ተራራ ብሎ ይጠቅሰዋል፤ ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሥ ማንነት ግን እስካሁን ያከራክራል። በጽሑፍ ከተመዘገቡት የራስ ደጀን መውጣቶች የመጀመሪያው በ1841 እ.ኤ.አ. የፈረንሳዮቹ የፌሬና የጋሊኒዬ ነው፤ የአገሩ ሰው ከዚያ እጅግ ቀድሞ እንደወጣው አያጠራጥርም። የተራራው ከፍታ ዛሬ በአብዛኛው 4,550 ሜትር ተብሎ ይጻፋል፤ 4,533 እና 4,620 የሚሉም አሉ። ፓርኩ በ1969 እ.ኤ.አ. በሕግ ተቋቋመ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። እስከ 1991 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የእርስ በርስ ጦርነት ብዙ ተጎዳ። በ1996 እ.ኤ.አ. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገብቶ፣ ብዙ ከተደከመበት በኋላ በ2017 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ስለተዛወሩ፣ ቀድሞ ዝናብ ሲበረታ ተጓዥ የሚጠለልበት ቤት ዛሬ በዚያ የለም። ድንኳኑ ራሱ አስተማማኝ መሆን አለበት ማለት ነው።

በዚህ ወቅት ዋናው ጠላት ርጥበት ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ በረዶ እስኪሠራ ይቀዘቅዛል፤ ነገር ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ልብስ ሌሊቱን አይርስም። በመስከረም ደመናው ሌሊቱን ለዘብ ያደርገዋል፤ የራሰ ሰው ግን ከዜሮ በላይ ባለ ብርድም ሰውነቱ እስኪደነዝዝ ይበርደዋል። ስለዚህ የመኝታ ልብስ፣ ካልሲና የመኝታ ከረጢት ለብቻ በወፍራም ላስቲክ ታስረው ይቀመጣሉ፤ የራሰ ልብስ ወደዚያ አይቀላቀልም፤ ጠዋት ያው የራሰው ተለብሶ ይኬዳል። የላባ መኝታ ከራሰ ስለማያሞቅ ሰው ሠራሹ ይመረጣል። ተጓዡን የሚያጅበው ታጣቂ ጠባቂ (ስካውት) ብዙ ጊዜ ከጋቢና ከላስቲክ ያለፈ ስለማይዝ፣ ለእሱና ለበቅሎ ጫኞቹ የሚሆን ድንኳን ከደባርቅ ሲነሱ ሊታሰብ ይገባል።

ቀኑን የሚወስነው የዝናቡ ሰዓት ነው። ጠዋት ብዙ ጊዜ ብራ ነው፤ ወደ ቀትር ደመናው ከገደሉ ሥር ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ፣ ነጎድጓድና በረዶ ይከተላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ የተነሳ ቡድን ከሳንቃ በር ግጭ ሳይርስ ሊገባ ይችላል። ከጨነቅ (3,620 ሜትር ገደማ) ወደ ቧሂት የሚወጣ ደግሞ ከቀትር በፊት ከጋራው መውረድ አለበት፤ በዚያ ገላጣ ቦታ ከመብረቅ መሸሸጊያ የለም።

ጭነት ከበጋው በሩብ ያህል ይቀነሳል፤ በቅሎ በጭቃ ስትንሸራተት ሸክሙ ወገቧን ይገምሰዋልና። የራሰ መጫኛ ስለሚላላ፣ ከተነሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆሞ እንደገና ማጥበቅ ግድ ነው። ከቧሂት ወደ ጭሮ ለባ መንደር ባለው ቁልቁለት ጭነቱ ወደ አንገት ይንሸራተታል፤ ከጅራቷ ሥር የሚያልፈው ማሰሪያ በተለይ ይፈተሻል። ከኮርቻው ሥር ያለው ልብስ ሳይደርቅ ከተጫነባት ጀርባዋ ይቆስላል።

አስቸጋሪው ቦታ በጭሮ ለባና በአምቢቆ መንደሮች መካከል ያለው የመሸሃ ወንዝ ነው። ከላይ የዘነበው ውሃ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶም ወንዙ ሊሞላ ይችላል። የሚሻገሩት በማለዳ ነው። ውሃው ከጉልበት ካለፈ፣ ከደፈረሰ ወይም ድንጋይ ሲያንከባልል ከተሰማ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ሲሻገሩ ጫማ አይወለቅም፤ የጀርባ ቦርሳው የወገብና የደረት ማሰሪያ ይፈታል፣ ሰው ቢወድቅ ቦርሳው ይዞት እንዳይሄድ። ለዚህ አንድ ትርፍ ቀንና የአንድ ቀን ትርፍ ስንቅ ይያዛል። በመንደሮቹ እህል ይገኛል ብሎ መተማመን አይገባም፤ ገብሱ ገና በማሳ ላይ ነው፣ ጎተራውም የሳሳበት ጊዜ ነው።

ብዙዎችን ከመንገድ የሚመልሳቸው ግን ጥድፊያ ነው። ዝናብ ለማምለጥ ሲሉ ከደባርቅ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ ደርሰው በማግስቱ ቧሂትን (4,430 ሜትር) የሚወጡ አሉ፤ ሰውነታቸው ከፍታውን ስላልለመደ ራስ ምታትና ማስመለስ የሚጀምራቸው ያኔ ነው። ሳንቃ በርና ግጭ አንዳንድ ሌሊት ማደር ይህን ይቀንሳል። ምልክቱ ከባሰ ዝናብም ቢሆን መውረድ ይሻላል።

የጠጠሩ መንገድ በዚህ ወር ስለሚበላሽ፣ መልሶ የሚወስድ መኪና በተባለው ቀን ላይደርስ ይችላል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ምክንያትም የመንገዱንና የፓርኩን ሁኔታ ከመነሳት በፊት ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።