የኢትዮ-ኬንያ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመርና የተገነባበት ገንዘብ

የኢትዮ-ኬንያ መስመር ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ናይሮቢ አቅራቢያ ሱስዋ ላይ የሚያርፍ ባለ 500 ኪሎ ቮልት የዲሲ (የቀጥተኛ ሞገድ) ማስተላለፊያ ሲሆን፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት የመሸከም አቅም አለው። ርዝመቱን አንዳንድ ሰነዶች 1,068፣ ሌሎች 1,045 ኪሎ ሜትር ይሉታል፤ በሁለተኛው ስሌት 433 ኪሎ ሜትሩ በኢትዮጵያ፣ 612ቱ በኬንያ ምድር ያልፋል። ኢትዮጵያ ቀደም ሲል በባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመሮች በአፍሪካ ልማት ባንክ ገንዘብ ከጅቡቲ፣ በዓለም ባንክ ብድር ደግሞ ከሱዳን ጋር ተሳስራለች።

የፕሮጀክቱ ወጪ ሲጸድቅ 1.26 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ትልቁ ድርሻ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 የጸደቀው የዓለም ባንክ 684 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከዚህ 441 ሚሊዮኑ ለኬንያ፣ 243 ሚሊዮኑ ለኢትዮጵያ ሆነ። የአፍሪካ ልማት ባንክ 338 ሚሊዮን፣ የፈረንሳይ የልማት ድርጅት 118 ሚሊዮን ጨመሩ። ኬንያ 88 ሚሊዮን፣ ኢትዮጵያ 32 ሚሊዮን ዶላር ከራሳቸው ካዝና መደቡ።

ሁለቱ መንግሥታት የጋራ ኩባንያ አላቋቋሙም፤ እያንዳንዱ ከድንበሩ ወዲህ ያለውን ክፍል ራሱ ተበድሮ፣ ራሱ አሠርቶ፣ የራሱ አደረገው። ሞዛምቢክ፣ ደቡብ አፍሪካና ስዋዚላንድ ሞትራኮ የተባለውን የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ ኩባንያ በእኩል ድርሻ መሥርተው የሄዱበት መንገድ ከዚህ ይለያል። እዚያ አስተማማኝ ከፋይ የሆነ ትልቅ የአሉሚኒየም ፋብሪካ ስለነበረ ብድሩ በመስመሩ ገቢ ላይ ሊቆም ችሏል። እንዲህ ያለ ደንበኛ በሌለበት አበዳሪ የሚያምነው የመንግሥትን ፊርማ ነው። መንግሥት ለልማት ከሚሰጠው ረጅም ብድር ይወስድና ለኤሌክትሪክ ድርጅቱ መልሶ ያበድራል። የምንዛሪ ለውጥ የሚያመጣውን ጫና ማን እንደሚሸከም የሚወሰነውም በዚህ ሁለተኛ ውል ነው።

ተከፋፍሎ የመገንባቱ ትልቁ አደጋ የጊዜ መዛነፍ ነው። ግማሽ መስመር ሳንቲም አያስገባም፤ ቀድሞ የጨረሰው ወገን ሌላውን እየጠበቀ ወለድ ይቆጠርበታል። የዲሲ መስመር ሲሆን ደግሞ በሁለቱም ጫፍ ኮንቨርተር ጣቢያ ያስፈልጋል፤ አንደኛው የኢትዮጵያን ተለዋዋጭ ሞገድ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል፣ ሌላው መልሶ ይገለብጠዋል። የሁለቱ የቁጥጥር ሥርዓት መናበብ ስላለበት ለየብቻ አሠርቶ ኋላ ማገጣጠም ከባድ ነው፤ ሁለቱም ጣቢያዎች ሲመንስ ለተሳተፈበት ቡድን የተሰጡት በአንድ ጨረታ ነው። ኮንቨርተሩ ውድ ቢሆንም ሽቦው በኪሎ ሜትር ርካሽ ስለሚሆን፣ ከ600 እስከ 800 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ ርቀት ዲሲ አዋጪ ነው። በአንጻሩ መሃል ላይ እንደልብ ኃይል ቀንሶ መውሰድ ስለማይቻል መስመሩ በአናታቸው የሚያልፍባቸው መንደሮች በቀጥታ አያገኙም።

ሁለተኛው መሰናክል ወሰን ማስከበር፣ ማለትም መስመሩ የሚያልፍበትን መሬት ነጻ ማድረግ ነው። አበዳሪዎች በአብዛኛው የመሬት ካሳና ቀረጥ በመንግሥት ድርሻ እንዲሸፈን ይፈልጋሉ። ይህ በጀት ከጠቅላላው ወጪ አንጻር ትንሽ ቢሆንም ሲዘገይ ሁሉን ያቆማል፤ የአንድ ምሰሶ መሠረት ካልተቆፈረ ሽቦው አይወጠርም፣ ሥራ የፈታው ተቋራጭም የመዘግየት ካሳ ይጠይቃል።

መስመሩ ከግልገል ጊቤ 3 ግድብ ጋር የተያያዘ ነው በሚል የመብትና የአካባቢ ተሟጋቾች የዓለም ባንክን ብድር ተቃውመዋል። ባንኩ የሰጠው መልስ ግልጽ ነበር፦ መስመሩ ኃይል የሚወስደው ከአገሪቱ አጠቃላይ የኃይል መረብ (ግሪድ) እንጂ ከአንድ ግድብ አይደለም። ተቃዋሚዎቹ ግን ግድቡ ባይኖር የሚሸጥ ኃይል አይኖርም የሚል መከራከሪያ ያነሱ ነበር።

መስመሩን ዕዳ ከፋይ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 የተፈረመው የ25 ዓመት የኃይል ሽያጭ ስምምነት ነው። ኬንያ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት፣ ኪሎ ዋት ሰዓቱን በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም ለመግዛት ተስማማች፤ ኃይሉም በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ መፍሰስ ጀመረ። 200 ሜጋ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሸጥ 1,752 ጊጋ ዋት ሰዓት፣ በገንዘብ 114 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ላይ ግን የማመንጫዎቹም ወጪ ይነሳል።

እንደዚያም ሆኖ 400 ሜጋ ዋት የመስመሩ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ለቀሪው አቅም ገዢ የሚገኘው ከኬንያ ባሻገር ሲሆን፣ ከኬንያዋ ኢሲንያ እስከ ታንዛኒያዋ ሲንጊዳ የተዘረጋው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር መንገዱን ከፍቷል። በዚህ መንገድ ለሚያልፍ ኃይል ኬንያ የማሳለፊያ ታሪፍ ታስከፍላለች። ስለዚህ ከሻጩና ከገዢው ውል በተጨማሪ፣ በመንገድ የሚባክነው ኃይል በማን እንደሚታሰብና መስመሩ ሲቋረጥ ማን እንደሚካስ የሚደነግግ ሦስተኛ ውል ያስፈልጋል።