የዜቡሎን አምባዛዎች፦ የአንዲት ትንሽ ከተማ የቤዝቦል ቡድንና የውድድር ዘመኑ

ካሮላይና መድካትስ በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ከራሌይ በስተምሥራቅ በምትገኘው ዜቡሎን ከ1991 እስከ 2025 የተጫወተ የማይነር ሊግ ቤዝቦል ቡድን ነው (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። መድካት በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች አነጋገር አምባዛ ነው፤ ስሙን ቡድኑ ቀድሞ ከነበረባት ከጆርጂያዋ ኮለምበስ ይዞት መጣ። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ የዜቡሎን ነዋሪ 7,000 አልሞላም። ፋይቭ ካውንቲ ስታዲየም ግን ወደ 6,500 ሰው ይይዛል፤ ከተማው በሙሉ ነቅሎ ቢመጣ ቆሞ የሚያይ ጥቂት ሰው ብቻ ይኖር ነበር ማለት ነው።

ለከተማዋ ቡድኑን ያመጣላት የርቀት ሕግ ነው። የያኔው ባለቤት ስቲቭ ብራያንት የሚፈልጉት የራሌይን ተመልካች ነበር፤ ነገር ግን አንድ ክለብ በሌላው ክልል መስፈር ስለማይፈቀድለት በደርሃም ከተማ ካለው ክለብ፣ ከደርሃም ቡልስ፣ ቢያንስ 35 ማይል (56 ኪሎ ሜትር) መራቅ ነበረባቸው። ዜቡሎን ከዚያ መስመር ወጣ ብላ ተገኘች። አካባቢው የአምስት ካውንቲዎች (አውራጃዎች) ወሰን የሚቀራረብበት ስለሆነ ስታዲየሙ በዚያው ተሰየመ።

ማይነር ሊግ ከዋናው ሊግ በታች ያለ መሰላል ነው። ከ2021 ወዲህ አራት እርከኖች አሉት፦ ሲንግል-ኤ፣ ሃይ-ኤ፣ ደብል-ኤና ትሪፕል-ኤ። በእያንዳንዱ እርከን 30 ክለቦች ስላሉ በድምሩ 120 ናቸው፤ እያንዳንዱ የዋናው ሊግ ክለብም በየእርከኑ አንድ አንድ ቡድን አለው። የተጫዋቾቹንና የአሠልጣኞቹን ደመወዝ የሚከፍለው፣ ማን እንደሚሰለፍ፣ ማን እንደሚያርፍ፣ ማን እንደሚያድግ የሚወስነውም ይህ እናት ክለብ ነው። የአካባቢው ክለብ ትኬት ይሸጣል፣ ሜዳውን ይንከባከባል፣ ምግብና መጠጥ ያቀርባል። ይህን ያልተረዳ ተመልካች በየምሽቱ ይናደዳል፤ ቡድኑ እየመራ ሳለ ግሩም የሚጫወተው ልጅ የሚቀየረው፣ ከጨዋታው ውጤት ይልቅ የልጁ ክንድ ስለሚበልጥ ነው።

መድካትስ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተጫወቱበት፣ በሲንግል-ኤ ደረጃ ያለው የካሮላይና ሊግ 12 ቡድኖች አሉት፣ በሰሜንና በደቡብ ምድብ ስድስት ስድስት ሆነው። ውድድሩ ከኤፕሪል መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ይዘልቃል፤ 132 ጨዋታዎች፣ ግማሾቹ በሜዳ። ሰኞ እረፍት ነው፣ ከማክሰኞ እስከ እሁድ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ስድስት ጨዋታ ይደረጋል። የውድድር ዘመኑ ለሁለት ይከፈላል፤ የመጀመሪያው አጋማሽ መሪና የሁለተኛው አጋማሽ መሪ በየምድባቸው ይገናኛሉ። ይህ አከፋፈል ብልህነት አለው። ጎበዞቹ በጁን ወደ ላይ ሲወሰዱ የተዳከመ ቡድን በመጀመሪያው አጋማሽ ያገኘውን ቦታ አይነጠቅም፤ መጀመሪያ ላይ የተሸነፈውም ከዜሮ ይጀምራል።

የምሽት ጨዋታ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ወይም 1 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ተጫዋቾቹ ግን ከቀኑ 7 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ገብተዋል። የሕክምና እርዳታ፣ የክብደት ሥራ፣ የቪዲዮ ስብሰባ፣ ከዚያ ወደ 10 ሰዓት ገደማ የመምቻ ልምምድ። ይህ በካሮላይና የጁላይ ወበቅ ውስጥ በሳምንት ስድስት ቀን ነው፤ በኦገስት የብዙዎቹ ወጣቶች የመምታት ውጤት የሚወርደው ችሎታቸው ጠፍቶ ሳይሆን አካላቸው ስለደከመ ነው።

ከተጫዋቹ በላይ የሚለፋው የሜዳው ሠራተኛ ነው። ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) የሚቆምበት ጉብታ ከመምቻው ቦታ 25.4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። አናቱ ላይ 61 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ነጭ ጎማ ተቀብሯል፤ ከእሱ እስከ ሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ነጭ ሰሌዳ) ጫፍ 18.44 ሜትር ነው። ከጎማው ፊት 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ቁልቁለቱ ይጀምርና በየ30 ሴንቲ ሜትሩ 2.5 ሴንቲ ሜትር እየወረደ ይሄዳል። ፒቸሩ የሚገፋበትና የሚያርፍበት እግር በየምሽቱ ሁለት ጉድጓድ ይቆፍራል። ጨዋታው ሲያልቅ የላላው አፈር ተጠርጎ ይወጣል፤ ጉድጓዱ በውሃ ይርሳል፤ እርጥብ ሸክላ አፈር በስሱ እየተጨመረ ይጠቀጠቃል፤ መጨረሻ ላይ እንዳይደርቅ በሸራ ይሸፈናል። ደረቁ ላይ ሸክላ የሞላ ሰው ሥራው ከንቱ ነው፤ አዲሱ አፈር ከአሮጌው ስለማይያያዝ ሁለተኛው ኢኒንግ (የጨዋታ ዙር) ላይ እንደ ቅርፊት ተነቅሎ ይወጣል፣ የፒቸሩም ቁርጭምጭሚት አደጋ ላይ ይወድቃል።

ዝናብ ሲመጣ የውስጠኛው ሜዳ በየጎኑ 52 ሜትር ገደማ በሆነ ሸራ ይሸፈናል። በትልቁ ሊግ ለዚህ የተመደበ ሠራተኛ አለ፤ በትንሽ ከተማ ግን የትኬት ሻጩም፣ የሒሳብ ሠራተኛውም፣ ለክረምት ልምምድ የመጣው ተማሪም ሮጦ ይጎትታል። ነፋሱ ከጀርባ ሆኖ መጎተት አለበት፤ ከፊት ከመጣና ከሥሩ ከገባ ሸራው እንደ ጀልባ ሸራ ተነፍቶ ሰው ያነሣል። ሲነሣ ደግሞ ላዩ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ወደ ውጭው ሣር መፍሰስ አለበት፤ ወደ አፈሩ ከፈሰሰ የምሽቱ ጨዋታ አበቃ። ቀን ላይ ፀሐይ ሲወጣ ሸራው ሳይነሣ ከቆየ ከሥሩ ያለው ሣር ይቃጠላል። የረጠበውን አፈር ለማድረቅ በእሳት የተጠበሰ የሸክላ ጥራጥሬ ይነሰነሳል፤ ሲበዛ ግን መሬቱ ይላላና ኳስ ባልታሰበ አቅጣጫ ይነጥራል። ጨዋታው ከተሰረዘ በሌላ ቀን እያንዳንዳቸው ሰባት ኢኒንግ የሆኑ ሁለት ጨዋታዎች በተከታታይ ይደረጋሉ፤ ክለቡ ሁለት ምሽት ሊሸጥ የነበረውን በአንድ ትኬት ያስረክባል።

ጨዋታው ራሱም ለመማር የተበጀ ነው። ጨዋታውን የሚጀምረው ፒቸር አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ይወረውራል፤ ከአምስት ኢኒንግ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ዳኞቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ አንዱ ከካቸሩ (ኳስ ተቀባዩ) ጀርባ፣ ሌላው ሜዳ ውስጥ እየሮጠ ሦስት ቤዞችን (ሯጮቹ የሚደርሱባቸውን ማረፊያዎች) ይጠብቃል። በ2022 በመላው ማይነር ሊግ የውርወራ ሰዓት ገባ፦ ቤዝ ላይ ሰው ከሌለ 14 ሴኮንድ፣ ካለ 18 (በትሪፕል-ኤ 19)። ፒቸሩ ከዘገየ ቦል (ለመቺው የሚጠቅም ቆጠራ)፣ መቺው ከዘገየ ስትራይክ (ለፒቸሩ የሚጠቅም ቆጠራ) ይቆጠርበታል። አማካዩ የጨዋታ ርዝመት ከ3 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ወደ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ወረደ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋናው ሊግ የራሱን ሰዓት አስገባ።

ኑሮው ለረጅም ጊዜ አሳፋሪ ነበር። በ2021 የሲንግል-ኤ ተጫዋች በሳምንት 500 ዶላር ያገኝ ነበር፣ ያውም ውድድር ባለበት ወቅት ብቻ፤ ቤት ኪራዩም ከዚያው ነው። ከ2022 ጀምሮ ክለቦች መኖሪያ እንዲሰጡ፣ በአንድ መኝታ ክፍልም ከሁለት ሰው በላይ እንዳያስገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ተጫዋቾቹ የሠራተኛ ማኅበር አባል ሆኑ፤ በ2023 በተፈረመው የመጀመሪያ ውላቸው የሲንግል-ኤ ዝቅተኛ ክፍያ በዓመት 26,200 ዶላር ደረሰ። አውቶቡሱ ግን አልቀረም። ከዜቡሎን እስከ ሜሪላንዷ ሶልስበሪ የአምስት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ እሁድ ከጨዋታ በኋላ ተነሥቶ ሌሊት መድረስ የተለመደ ነበር።

ወደ ላይ መሄድ በድንገት ይመጣል። አሠልጣኙ ልጁን ወደ ቢሮው ይጠራዋል፣ በማግሥቱ ቁም ሣጥኑ ላይ የሌላ ሰው ስም ይለጠፋል። ቡድኑ በደብል-ኤ እርከንና የፍሎሪዳ ማርሊንስ ልጅ በነበረበት በ2003 ይህ እንደ ጎርፍ መጣ። ዶንትሬል ዊሊስ በሜይ ሄደ፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋችም ሆነ። ሚጌል ካብሬራ በ69 ጨዋታ .365 (ከ1,000 ሙከራ 365 የተሳካ ምት ማለት ነው) እየመታ ሳለ በጁን 20 ተጠራ፤ በዚያው ምሽት በ11ኛው ኢኒንግ ጨዋታውን የዘጋ ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚጥል ምት) መታ። ማርሊንስ በኦክቶበር ያንኪስን አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ዜቡሎን ሁለቱን ምርጦቿን ሰጥታም በዚያ ዓመት ያኔ የምትጫወትበትን የደብል-ኤውን የደቡብ ሊግ (ሳውዘርን ሊግ) ዋንጫ አነሣች። ፍራንሲስኮ ሊንዶር በ2013፣ ጃክሰን ቹሪዮ ደግሞ በ2022 በዚህ ሜዳ ተጫውተዋል። ቹሪዮ ያኔ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፤ በ62 ጨዋታ 12 ሆም ራን መትቶ ሄደ፣ በዋናው ሊግ አንድ ቀን ሳይጫወትም የ82 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ።

እናት ክለቦችም ይለዋወጣሉ። ፒትስበርግ፣ ኮሎራዶ፣ ፍሎሪዳ፣ ሲንሲናቲ፣ ክሊቭላንድ፣ አትላንታ፣ በመጨረሻም ከ2017 ጀምሮ ሚልዋኪ ብሩወርስ፤ ሰባት ናቸው። የ2020 ውድድር በኮሮና ምክንያት አልተካሄደም። በማግሥቱ ዋናው ሊግ 160 የነበሩትን ክለቦች ወደ 120 ሲቀንስ መድካትስ ተረፉ፣ ግን ወደ ሲንግል-ኤ ወረዱ። ከዚያው ጋር የመጣው የስታዲየም መመዘኛ፣ ማለትም ሰፊ የመልበሻ ክፍሎች፣ ለሴት ሠራተኞች የተለየ ክፍል፣ የተሸፈነ የመምቻ ልምምድ ቦታና የበረታ መብራት፣ የ1991 ሕንፃን በብርቱ የሚፈትን ነበር። 40 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምሥራቅ ያለችው ዊልሰን አዲስ ስታዲየም ለመሥራት ተስማማች፤ ቡድኑም ከ2026 ጀምሮ ዊልሰን ዋርበርድስ ተብሎ ወደዚያ ተሻገረ። መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1991 የዜቡሎን ስታዲየም ገና ተሠርቶ ስላላለቀ፣ አምባዛዎቹ የመጀመሪያ ጨዋታዎቻቸውን ያደረጉት በዊልሰኑ ፍሌሚንግ ስታዲየም ነበር።