የወጣቶች የአእምሮ ጤና አገልግሎት በባሕር ዳር

ባሕር ዳር በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ ላይ የምትገኝ የአማራ ክልል ርእሰ ከተማ ናት። በከተማዋ ራሱን ችሎ የቆመ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል የለም። ሕክምናው የሚሰጠው በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ውስጥ ባሉ የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ነው። ከሐኪሙ ቀድመው የሚደረስባቸው ግን ቤተሰብ፣ ንስሐ አባትና ጠበል ናቸው።

ይህ ዳሰሳ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ባሉት ላይ ያተኩራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት፤ ከጠቅላላው የአእምሮ ሕመም ግማሽ ያህሉም ከ14 ዓመት በፊት ይጀምራል። እንደ ስኪዞፍሬንያ (ከእውነታ የሚያራርቅ ሕመም) እና ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ያሉት ጽኑ ሕመሞች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚገለጡት ከአሥራዎቹ መጨረሻ እስከ ሃያዎቹ ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ልጁ ዩኒቨርሲቲ በሚገባበት ወይም ሥራ በሚይዝበት ወቅት ነው።

ታሪካዊ አመጣጥ

ዘመናዊ የአእምሮ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1930 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ በተቋቋመው በአማኑኤል ሆስፒታል በኩል ነው። ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል እርሱ ስለነበር፣ ከጣና ዳርቻ የታመመ ልጅ ያለው ቤተሰብ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ነበረበት። አብዛኛው አልተጓዘም። በ1970ዎቹ መጨረሻ አማኑኤል ነርሶችን በአእምሮ ሕክምና ማሠልጠን ሲጀምር የተመረቁት ወደየክልሉ ሆስፒታሎች ተበተኑ፤ የክልል አገልግሎት መሠረት የተጣለውም በእነዚህ ነርሶች እጅ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከአማኑኤል ጋር በመተባበር በአእምሮ ጤና የማስተርስ ትምህርት ከፍቶ ለክልሉ ባለሙያዎችን አፍርቷል።

የባሕር ዳር የራሷ አስተዋፅኦ የመጣው ከሆስፒታል በፊት ከመምህራን ማሠልጠኛ ነው። በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት የተመሠረተው የፔዳጎጂ አካዳሚ በ1965 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። ዓላማው የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትን አስተማሪዎች፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ግቢው እስከ ዛሬ «ፔዳ» እየተባለ ይጠራል። ልጅ እንዴት እንደሚያድግ፣ እንዴት እንደሚማርና ሲጨንቀው ምን እንደሚሆን አጥንተው የወጡት የፔዳ ተመራቂዎች በየአውራጃው ተሠማርተዋል። ብዙ የገጠር ተማሪ በክፍል ውስጥ ዝም ያለበትን ምክንያት መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ከእነዚህ መምህራን አንዱ እንደነበር ለማመን አያዳግትም። አካዳሚው በኋላ የባሕር ዳር መምህራን ኮሌጅ ሆነ፤ በ1992 ዓ.ም ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1955 ዓ.ም ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ ጋር ተዋሕዶ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ሳይኮሎጂ በዩኒቨርሲቲው ከአንጋፋዎቹ የትምህርት ዘርፎች አንዱ ነው። የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ከዚያ በኋላ ሲመጣ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍልም ተቋቋመ፤ ዛሬ የከተማዋን ወጣቶች ጭንቀትና ድባቴ (ዲፕሬሽን) የሚመለከቱ ጥናቶች ከእነዚህ ሁለት ክፍሎች ይወጣሉ።

የአገር አቀፍ ፖሊሲው አካሄድ በአጭሩ እንዲህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ሕክምናን ወደ አጠቃላይ የጤና ባለሙያዎች የሚያወርደውን መርሐ ግብር በ2001 ዓ.ም ይፋ አደረገ፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ሆነች። የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም ያለውን ዘመን የሸፈነ ነበር።

ሆስፒታሎቹ

ፈለገ ሕይወት በሐይቁ አቅራቢያ የሚገኝ፣ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደርና ከአዊ የሚላኩ ሕመምተኞችን የሚቀበል አንጋፋ ሆስፒታል ነው። ጥበበ ግዮን በአዴት መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ የተሠራ የዩኒቨርሲቲው ማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን በ2011 ዓ.ም ተመርቋል። በሁለቱም ግቢዎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ከዐይን፣ ከቆዳና ከውስጥ ደዌ ክፍሎች ጋር አንድ በር ይጋራል፤ ይህም ለወጣቶች ከሚታሰበው በላይ ትልቅ ነገር ነው። አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ካርድ አውጥታ ወደ ሆስፒታሉ ስትገባ ማን ጋ እንደምትሄድ ጎረቤት አያውቅም። «አማኑኤል ገባች» የሚለው ወሬ ግን በአንድ ቀን ሰፈሩን ያዳርሳል። ስለዚህ በባሕር ዳር ለብቻው የአእምሮ ሆስፒታል ይሠራ የሚለው ሐሳብ በበጎ ፈቃድ የሚነሳ ቢሆንም፣ ቢያንስ ለወጣቶች አሁን ያለው አሠራር ይሻላል።

ተመላላሽ ሕክምና የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በሳይካትሪ ነርስ ወይም በአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። ለድባቴ ምርመራ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት የዘለቀ የስሜት መውረድ ወይም ለቀድሞ ደስታ ፍላጎት ማጣት ይጠየቃል፤ ከዚህ ጋር የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎት፣ የትኩረትና የጉልበት ለውጥ ይታያል። ወጣቶች ግን «ከፋኝ» ብለው አይመጡም። የራስ ምታት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የጨጓራ ሕመም ወይም «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» የሚል ቅሬታ ይዘው በውስጥ ደዌ ክፍል ዞረው፣ ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ነው ወደ አእምሮ ክፍል የሚላኩት። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች እንደተለመደው የሚጥል በሽታ ያለባቸውም በዚሁ ክፍል ይታያሉ።

ለድባቴ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን የታወቁ ናቸው። ሁለቱም ሙሉ ጥቅማቸው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ ቤተሰብ በአምስተኛው ቀን «ምንም አልጠቀመውም» ብሎ የሚያስተዋቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ከ25 ዓመት በታች የሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ መታየት አለባቸው፤ በዚህ ዕድሜ አንዳንዶች ላይ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ይችላልና። በጾም ወቅት የጠዋት መድኃኒት መዝለል የተለመደ ችግር ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ከተነገረው ብዙዎቹን መድኃኒቶች ወደ ማታ ማዛወር ይችላል።

ጠበል፣ ሱባኤና ንስሐ አባት

የጣና ገዳማት ለዘመናት የተጨነቀ ሰው መጠጊያ ናቸው። በጎጃም በኩል ወንቅሸት ገብርኤልና የዓባይ ምንጭ የሆነው ግሽ ዓባይ በጠበላቸው ከሩቅ ሰው ይጠራሉ። በዘጌ ልሳነ ምድርና በደሴቶቹ ባሉት ገዳማት ደግሞ ሱባኤ የሚገቡ ወጣቶች አሉ፤ ከፈተና በፊት፣ ከሐዘን በኋላ ወይም የሕይወት መንገዱ ሲጠፋባቸው። የሐይቁ ጸጥታ፣ የጸሎት ሰዓት ሥርዓት፣ ከመጠጥና ከጫት መራቅ፣ የሚያዳምጥ አባት ማግኘት፣ እነዚህ ሁሉ ለተጨነቀ አእምሮ ጥቅም እንዳላቸው ሐኪሞችም አይክዱም። ንስሐ አባት የቤቱን ታሪክ ያውቃል፣ ምስጢር ይጠብቃል፣ ገንዘብ አይጠይቅም። በሙስሊሙ ማኅበረሰብ ዘንድም ሩቂያ፣ ማለትም በቁርኣን ንባብ የሚደረግ ፈውስ፣ ተመሳሳይ ቦታ አለው።

ሕመሙ የመንፈስ፣ የቡዳ ወይም የዛር ነው የሚለው እምነት በከተማም በገጠርም ጽኑ ነው። የእምነቱ ጉዳይ የአማኙ ነው፤ ይህ ዳሰሳ ሊፈርድበት አይችልም። ሁለት ነገሮች ግን መነገር አለባቸው። አንደኛው፣ የታወከን ሰው በሰንሰለት ማሰር ሥቃይ እንጂ ሕክምና አይደለም። ሁለተኛው፣ ጠበል ሲጀመር መድኃኒት ማቆም ብዙ ልጆችን ወደ ከፋ ሁኔታ መልሷል። ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን አታጣላም፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም የኤችአይቪ መድኃኒትንና ጠበልን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል፤ ለአእምሮ መድኃኒትም የሚሠራው ይኸው ነው። ንስሐ አባቱ «መድኃኒትህን እየዋጥህ ጠበልህን ተጠመቅ» ያሉት ልጅ፣ ሐኪም ብቻውን ከሚመክረው ይልቅ ሕክምናውን ይከታተላል።

ቤተሰብ ሕመሙን የሚደብቅበት ሌላ ምክንያት ጋብቻ ነው። «ከዘራቸው አለ» ከተባለ የታመመው ብቻ ሳይሆን እኅቱና ወንድሙም ይቀራሉ የሚል ፍርሃት አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት በዚህ አገር በሁሉም አፍ አለ፤ የልጅ የአእምሮ ሕመም ሲሆን ግን ይዘነጋል።

ወጣቱን የሚያስጨንቁ ነገሮች

በመጀመሪያ የሚነሳው ፈተና ነው። የ2014 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው የወሰዱት የመጀመሪያው ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ዘጠና ስድስት የሚበልጠው ወጣት በአንድ ቀን «ወደቀ» ተባለ። በባሕር ዳርም በጣና ሐይቅ፣ በግዮንና በፋሲሎ ትምህርት ቤቶች ዙሪያ ይህን ወሬ ያልሰማ ቤት የለም። ዩኒቨርሲቲ የገባውም ከቤቱ ርቆ፣ በማደሪያ ክፍል ከማያውቃቸው ጋር፣ ቤተሰቡ የጣለበትን ተስፋ ተሸክሞ የመጀመሪያውን ዓመት ይገፋል።

ጦርነቱ ሌላው ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሮኬት ተተኮሰ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ጀምሮ በክልሉ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በተካሄደው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፣ መንገድ ተቋርጧል፣ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፍቷል። የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ ሌሊት መባነኑ፣ ትምህርት መጥላቱ ወይም በትንሽ ነገር መቆጣቱ የሚጠበቅ ነው፤ አብዛኛው በቤተሰብና በጊዜ ይረጋጋል። ከአንድ ወር በላይ የዘለቀና ኑሮን ያወከ ከሆነ ግን ባለሙያ ማየት ይገባዋል።

ጫት በከተማዋ ዙሪያ በመስኖ ይለማል፤ ዋጋ ያለው ሰብል በመሆኑ ስለ ጉዳቱ መናገር የሚከብዳቸው አሉ። ጉዳቱ ግን ግልጽ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር እንቅልፍ ይነሣል፣ ሲለቅ ድብርት ያመጣል፣ ለስኪዞፍሬንያ የተጋለጠን ሰው ደግሞ ሕመሙን ያባብስበታል። ለፈተና ጥናት ብሎ የቃመ ተማሪ እንቅልፉን ለመመለስ ወደ መጠጥ ሲሄድ ሁለት ችግር ይይዛል።

የንግግር ሕክምና

በዚህ በኩል ከተማዋ ገና ብዙ ይቀራታል። ሐኪሙ በአንድ ጠዋት የሚያየው ሰው ብዛት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አያስቀምጠውም፤ ሐሳብንና ባህሪን ለይቶ የሚሠራው ሕክምና ግን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰዓት ያህል መቀመጥን ይጠይቃል። በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ክፍሎች አሉ፤ ተማሪው ግን ብዙ ጊዜ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ የሚታይበት ቢሮ አድርጎ ስለሚቆጥራቸው ሳይጠራ አይሄድም። ፔዳ ለዓመታት ያስመረቀቻቸው የሳይኮሎጂ ባለሙያዎች ይህን ክፍተት ሊሞሉ ሲችሉ ከፊሎቹ በሌላ ሥራ ላይ መዋላቸው ያሳዝናል። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሠልጣኞች በአምስት ሳምንታዊ ቆይታ የሚሰጡት አጭር የምክር ዘዴ አዘጋጅቷል፤ አተነፋፈስን በማረጋጋት ይጀምርና ችግርን ከፋፍሎ መፍታትን፣ የተተወ ሥራን መቀጠልን፣ ከሰው ጋር መገናኘትን ያስተምራል። እንዲህ ያለው ዘዴ ለሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ለመምህር ከሥልጠና ጋር የሚቻል ነው።

ራስን መንከባከብ

የሚጠቅሙት ነገሮች ውድ አይደሉም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሣት፣ ማታ ስልክን ማራቅ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ወይም ብስክሌት መንዳት ለቀላል ድባቴ ጥቅማቸው የተረጋገጠ ነው፤ ሜዳማዋና በዛፍ ጥላ የተሸፈነችው ባሕር ዳር ደግሞ ለብስክሌት የተሠራች ትመስላለች። ቡና ላይ ከሰው ጋር መቀመጥ፣ የልብን ለአንድ ለሚታመን ሰው መናገርም እንዲሁ። ጽኑ ሕመም ግን በእግር ጉዞ አይድንም፤ ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ያልተኛ ወይም መኖር የሰለቸው ልጅ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ይልቁን እፎይ ያሰኘዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ብቻውን አለመተው፣ መርዝና ስለት ከቤት ማራቅ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የድንገተኛ ክፍል ማድረስ ያስፈልጋል።

ወጪና መድረሻ

በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የታቀፈ ቤተሰብ መጀመሪያ በጤና ጣቢያ ታይቶ የመላኪያ ወረቀት ይዞ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። መድኑ በአባወራ ወይም በእማወራ ስም ስለሆነ ቤተሰቡ ሳያውቅ መታከም የሚፈልግ ወጣት ከኪሱ መክፈል ይኖርበታል። ከደቅ ደሴትና ከዘጌ የሚመጡት በጀልባ ይሻገራሉ፤ ለእነርሱ በየወሩ ለመድኃኒት ብቻ መመላለስ ሕክምናውን እስከ ማቋረጥ ያደርሳል። የተረጋጋ ሕመምተኛ ለሁለትና ለሦስት ወር የሚሆን መድኃኒት እንዲሰጠው ሐኪሙን መጠየቅ ይችላል፤ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን የሚይዝ ከሆነም ክትትሉን ወደዚያ ማዛወር ይቻላል።