ሉፐስ ላለባቸው፦ «25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ» ምንድን ነው?

«ትንሽ ፀሐይ ሙቂ፣ ይሻልሻል።» ለደከማትና መገጣጠሚያዋን ለሚያማት ሴት ጎረቤትም ዘመድም ቶሎ የሚሰጠው ምክር ይህ ነው። ሉፐስ ላለባት ሴት ግን ይኸው ምክር ጉዳት ያመጣል። ሉፐስ የሰውነት በሽታ መከላከያ የገዛ አካሉን፣ ማለትም ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትንና ደምን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፤ ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሽፍታ ከማውጣት አልፎ በሽታውን ከውስጥ ሊያገረሸው ይችላል። ሐኪሙ «ከፀሐይ ተጠበቂ» የሚለው ለዚህ ነው። ችግሩ ግን ሰውነታችን ቫይታሚን ዲን በብዛት የሚሠራው በዚያው ጨረር ነው። ጉድለቱ ምን ያህል እንደሆነ የሚነግረን ደግሞ በላቦራቶሪ ወረቀቱ ላይ «25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ» ከሚለው ጎን የተጻፈው ቁጥር ነው።

ቫይታሚን ዲ ሥራ ላይ የሚውለው ሁለት ጊዜ ከተለወጠ በኋላ ነው። በቆዳ የተሠራው ወይም በእንክብል የተዋጠው መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ወደ 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ይለወጣል። ቀጥሎ በዋናነት ኩላሊት ይህንን ወደ ካልሲትሪዮል፣ ማለትም ከአንጀት ካልሲየም እንዲገባ ወደሚያደርገው ንቁ ሆርሞን ይለውጠዋል። የመጀመሪያው ጎተራ ነው፣ ሁለተኛው በመሶብ የቀረበው እንጀራ። በጎተራ ያለው በግማሽ ለመቀነስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል፤ ካልሲትሪዮል ግን የሰዓታት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። ጎተራው ሲመናመን ሰውነት የቀረውን አሟጦ መሶቡን ለመሙላት ስለሚታገል፣ ካልሲትሪዮልን የሚለካው «1፣25» የሚባለው ምርመራ በስህተት ከታዘዘ ጉድለት ያለባት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ መታየት ያለበት «25» የሚለው ነው።

ቀጥሎ መለኪያውን ያንብቡ። አንዳንዱ ላቦራቶሪ ውጤቱን በናኖግራም በሚሊሊትር ይጽፋል፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር። ናኖግራሙን በ2.5 ሲያባዙት ናኖሞሉን ያገኛሉ። ስለዚህ «50» የሚል ውጤት በናኖግራም ከሆነ በቂ ነው፤ በናኖሞል ከሆነ ግን 20 ናኖግራም ብቻ ነው፣ ጠርዝ ላይ ያለ። በአንድ አገር ተመርምሮ በሌላ አገር ሕክምናውን የሚቀጥል ሰው ይህን ሳያይ ቀርቶ መድኃኒቱን ያለ አግባብ ሊያቆም ይችላል።

ከ12 ናኖግራም በታች ከባድ እጥረት ነው፣ ከ20 በታች ዝቅተኛ። ለብዙ ጤነኛ ሰዎች አጥንት 20 ይበቃል። ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ለሚወስዱ ግን የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2022 ባወጣው መመሪያ ከ30 እስከ 50 ያለውን መጠን ይመክራል። ብዙ የሉፐስ ታማሚ ፕሬድኒሶሎን ስለሚወስድ፣ እኛም ከ30 በላይ መያዝን እንመርጣለን።

ሉፐስ ያለበት ሰው ቁጥሩ ዝቅ የሚልበት ምክንያት ፀሐይን መሸሹ ብቻ አይደለም። ሉፐስ ኩላሊትን ሲያጠቃ ፕሮቲን በሽንት ይወጣል፤ ቫይታሚን ዲን በደም የሚያጓጉዘው ፕሮቲንም አብሮ ይሄዳል። ፕሬድኒሶሎን አንጀት የሚቀበለውን ካልሲየም ይቀንሳል፣ አጥንትንም ያሳሳል። ጥቁር ቆዳ ያለው ሜላኒን ጨረሩን ስለሚያጣራ ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ከነጭ ቆዳ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ስቶክሆልም (ስዊድን) ወይም ሚኒያፖሊስ (አሜሪካ) የሚኖር ሰው ደግሞ በክረምት ወራት ፀሐይ ቢወጣም ለዚህ የሚሆን ጨረር አያገኝም ማለት ይቻላል። ወደ እስራኤል በሄዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ላይ እጥረቱ በብዛት እንደሚታይ በ1995 ተጽፏል።

አንድ ነገር በተለይ ልብ ይበሉ። «ውጭ አልወጣም፣ መስኮት ሥር ተቀምጬ ነው የምሞቀው» የሚሉ አሉ። የመስኮት መስታወት ቫይታሚን ዲ የሚያሠራውን ጨረር፣ «አልትራቫዮሌት ቢ»ን፣ ይከለክላል፤ «አልትራቫዮሌት ኤ»ን ግን በአብዛኛው ያሳልፋል፤ እሱም ሉፐስን ሊቀሰቅስ ይችላል። ጥቅሙ ቀርቶ ጉዳቱ ብቻ ይገባል ማለት ነው። ጥቁር ቆዳ ያላት ሴትም ከሰንስክሪን (ከፀሐይ መከላከያ ቅባት) እና ከጃንጥላ ነፃ አይደለችም።

ቁጥሩ ሲወርድ ሰው ምን ይሰማዋል? ብዙ ጊዜ ምንም። እጥረቱ ከበረታና ከቆየ ግን አጥንት ይለሰልሳል፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻም ይደክማል። ሴትዮዋ ከበርጩማ ስትነሣ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተጭና ትነሣለች፤ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፤ የቅልጥሟን አጥንት በአውራ ጣት ሲጫኗት ያማታል። ይህ «ሉፐሱ አገረሸ» ተብሎ ፕሬድኒሶሎን ቢጨመርላት ይብስባታል፤ ፕሬድኒሶሎን ራሱ የጭን ጡንቻ ያደክማልና። መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ቫይታሚን ዲውን፣ ካልሲየሙንና የሽንት ፕሮቲኑን ማየት ያስፈልጋል። ድካም ብቻውን ሲሆን ደግሞ ደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ እንቅልፍ ማጣትና የመንፈስ ጭንቀትም አብረው መታየት አለባቸው። ሁሉንም በቫይታሚን ማሳበብ ሌላ በሽታ ሳይታወቅ እንዲቀር ያደርጋል።

ሉፐሱንስ ይቀንሳል? በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ከ1,000 በላይ ታማሚዎችን ተከታትለው በ2013 ያወጡት ውጤት አለ፦ ከ40 ናኖግራም በታች በነበሩት ላይ ቁጥሩ በ20 ሲጨምር በሽታው በከፍተኛ ደረጃ የመንቀሳቀስ ዕድሉ በ21%፣ ጉልህ የሽንት ፕሮቲን የመኖር ዕድሉ ደግሞ በ15% ዝቅ ብሎ ታይቷል። ከ40 በላይ ግን ተጨማሪ ጥቅም አልታየም። ይህ ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ የታመመ ሰው ቤት ስለሚውል ቁጥሩ ሊወርድ ይችላልና ምክንያቱና ውጤቱ ሊገለባበጡ ይችላሉ። በብራዚል በ40 ወጣት ታማሚዎች ላይ በሳምንት 50,000 ዩኒት ለ24 ሳምንታት በተሰጠበት ሙከራ የበሽታው እንቅስቃሴም ድካሙም ተሻሽሏል። በአሜሪካ ለ12 ሳምንታት የተደረገ ሌላ ሙከራ ግን ከሉፐስ ጋር የተያያዘውን የኢንተርፌሮን (በሽታ መከላከያው የሚያመነጨው ፕሮቲን) ምልክት አልቀነሰም። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ እጥረት ካለ ይሞላ፤ ለአጥንትና ለጡንቻ የሚሰጠው ጥቅም ብቻውን ይበቃል። የሉፐስን ዋና መድኃኒት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን፣ ግን አይተካም፤ «ቫይታሚን ጀምሬያለሁ» ብሎ እሱን ማቋረጥ አደገኛ ነው።

ከምግብ ብቻ መሙላት አይቻልም። አንድ የእንቁላል አስኳል 40 ዩኒት ገደማ ነው ያለው፤ በጾም እሱም ይቀራል። ስለዚህ እንክብል ወይም ጠብታ ያስፈልጋል። በእሽጉ ላይ በማይክሮግራም ከተጻፈ፣ 25 ማይክሮግራም 1,000 ዩኒት ነው። ለአዋቂ የተለመደው፣ እጥረት ሲኖር 50,000 ዩኒት በሳምንት አንድ ጊዜ ለስምንት ሳምንት፣ ከዚያ በየቀኑ ከ1,000 እስከ 2,000 ዩኒት ነው፤ ለእርስዎ የሚሆነውን የሚወስነው ሐኪምዎ ነው። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰድ። በጾም ቀን ዘይት ያለበት ሽሮ በቂ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራን ስህተት የሳምንቱን 50,000 በየቀኑ መዋጥ ነው። ካልሲየም በደም ውስጥ ይከማችና ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ድርቀት፣ ግራ መጋባት ያመጣል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። መድኃኒቱን የሚወስዱበትን ቀን፣ ለምሳሌ «እሑድ» ብለው፣ ካርቶኑ ላይ ይጻፉበት። ለደም ግፊት ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እሱም ካልሲየም ከፍ ያደርጋልና። በዓመት አንዴ የሚሰጥ ግዙፍ መጠንም አንመክርም፦ አውስትራሊያ ውስጥ 500,000 ዩኒት በአንዴ የወሰዱ አረጋውያን ሴቶች ካልወሰዱት ይልቅ በብዛት ወድቀዋል፣ አጥንታቸውም ተሰብሯል።

ካልሲየም ካርቦኔትም ከታዘዘልዎት ከሃይድሮክሲክሎሮኪን ቢያንስ በአራት ሰዓት ያራርቁት። የለስላሳ እንክብሎች ሽፋን ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ጄላቲን ነው፤ በውስጡ ያለው የቫይታሚን ዲ ዓይነት፣ ዲ3፣ ራሱም አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ሱፍ ቅባት ይወጣል። ይህ በጾም ወይም በሃይማኖት የሚያሳስብዎት ከሆነ በዘይት የተዘጋጀ ጠብታ፣ ከእርሾ የሚሠራ ሌላ ዓይነት (ዲ2) ወይም በድንጋይና በዛፍ ላይ ከሚበቅለው ላይከን የሚገኝ ዲ3 እንዳለ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ምርመራው ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ይደገማል፤ ከዚያ በፊት ቁጥሩ ገና አልረጋም። ካልጨመረ መጠኑን ከማብዛት በፊት እነዚህ ይጣሩ፦ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው? የተዘለሉ ሳምንታት አሉ? የሽንት ፕሮቲኑ ጨምሯል?